ሳይጠሩት አቤት የሚል ከርቭ

ኩባያው ጠረጴዛው ውስጥ ሰመጠ። ብዙ አይደለም፤ የጥፍር ውፍረት ያህል ቢሆን ነው። ግን አኒሜሽን ላይ የጥፍር ውፍረት ዓይን ይወጋል።

ሾቱ፣ ማለትም የምሠራው አጭር ትዕይንት፣ 72 ፍሬም (ምስል) ነበር። በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ ሦስት ሴኮንድ መሆኑ ነው። ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ትጠጋለች፣ ኩባያ ታስቀምጣለች፣ ቀና ብላ ታያለች፤ በቃ። ማያ በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ቢሆን ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። አዲሱ ፕሮግራሜ ብሌንደር ላይ ግን ሦስተኛ ቀኔን ይዤ ነበር።

ኩባያው 41ኛው ፍሬም ላይ ጠረጴዛውን ይነካል። 48ኛው ላይ ልጅቷ እጇን ታነሳለች። ሁለቱም ቦታ ላይ ኪ አለ፤ ኪ ማለት ነገሩ በዚያ ፍሬም የት እንደሚሆን የምናስቀምጥበት ምልክት ነው። የሁለቱም ቁጥር አንድ ነው፤ ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስተኛው አኃዝ ድረስ አይቻለሁ። ታዲያ መሀል ላይ ወደ ታች የሚጎትተው ማን ነው?

ግራፍ ኤዲተሩን፣ ማለትም እንቅስቃሴው በመስመር (በከርቭ) የሚታይበትን መስኮት፣ ከፍቼ አፈጠጥኩበት። ከ41 እስከ 48 ቀጥ ብሎ መተኛት የነበረበት መስመር እንደላላ ገመድ መሀሉ ረግቧል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኩባያው ክብደት ያለው እንዲመስል ፈልጌ፣ 41ኛው ኪ ላይ ያለውን የግራ ሃንድል፣ ማለትም ከርቩን የሚያጎብጠውን እጀታ፣ ይዤ ወደ ላይ አቁሜዋለሁ። ከርቩ ቁልቁል መጥቶ ድንገት እንዲቆም ነው ሐሳቤ። የግራው ሲነሳ ግን የቀኙ እንደ ሚዛን ክንድ ወረደ። ሲወርድ ከርቩንም ይዞት ወረደ። ኩባያውም ተከተለ።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ማያ ላይም ታንጀንቱ (እዚያ ሃንድሉን እንዲህ ነው የምንለው) ካልተሰበረ፣ ማለትም ግራና ቀኙ ካልተለያዩ፣ የሚሆነው ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ምክንያቱም እጄ ገና ሃንድሉን ሳይነካ ታንጀንት የሚሰብረውን ቁልፍ ይጫን ነበር። እንደምጫነው እንኳ ረስቼዋለሁ። እጄ ያውቀው የነበረውን ነገር እኔ አላውቀውም ነበር ማለት ነው። አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ያ ቁልፍ በቦታው ስላልነበረ፣ እጄም ዝም አለ።

ይህን የምጽፈው ከአንድ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ወደ ሌላ ለምትሻገሩ ነው። የእኔ ጉዞ ከማያ ወደ ብሌንደር ነበር። አዲሱ ቡድን በብሌንደር ነው የሚሠራው፤ ምርጫ አልነበረኝም። የእናንተ ሁለት ፕሮግራሞች ሌላ ቢሆኑም፣ ከርቭ ኤዲተር ላይ የሚያደናቅፈው ነገር ተመሳሳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባል ሰው አለ አይደል? ከርቭ ኤዲተርም እንዲሁ ነው። እናንተ ሁለት ኪ ታስቀምጣላችሁ። በሁለቱ መሀል ያለውን የሚሞላው እሱ ነው። ማንም ሳይጠይቀው ይሞላል። አሞላሉ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አመል አለው። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ያባከንኩት «ያ ቁልፍ እዚህ የት ነው ያለው?» እያልኩ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ «ይሄ ነገር ሳልጠይቀው ምን ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር።

ስለ ኩባያው እንጨርስ። ብሌንደር አዲስ ኪ ሲያስቀምጥ፣ ካልነካችሁት፣ ሃንድሉ ኦቶ ክላምፕድ የሚባለው ዓይነት ነው። ጥሩ ሰው ነው ይሄ ኦቶ ክላምፕድ። ጫፍ ላይ ያለ ኪ ከሆነ ከርቩን ከዚያ ጫፍ አያሳልፈውም፤ እኩል ቁጥር ባላቸው ሁለት ኪዎች መሀልም መስመሩን ቀጥ አድርጎ ያስተኛዋል። ሃንድሉን በእጃችሁ የነካችሁት ለታ ግን ጥበቃው ያበቃል። ዓይነቱ በዝምታ ወደ አላይንድ ይቀየራል፤ ማለትም የግራና የቀኙ ሃንድል በአንድ መስመር ይታሰራሉ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ጥያቄ የለም። መፍትሔው ኪውን መርጦ የቪን ቁልፍ መጫንና ፍሪ የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ ግራው ለብቻው፣ ቀኙ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። እኔ ይህችን ቪ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። እናንተ በነጻ ውሰዷት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሾቱን ተውኩትና ወደ ኳስ ተመለስኩ። አዎ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት የምትነጥር ኳስ። መጀመሪያ ትንሽ አፈርኩ። ግን ኳስ አንድ ትልቅ ጥቅም አላት፦ መልሱ ይታወቃል። ሰው እንዴት ዞር እንደሚል መከራከር ይቻላል። ነገር እንዴት እንደሚወድቅ ግን ፊዚክስ ጨርሶታል። ስለዚህ ኳሷ ካላማረች ጥፋቱ ወይ የእኔ ነው ወይ የፕሮግራሙ አመል ነው፤ የሐሳብ ጉዳይ አይደለም።

ኳስ ከ1 ሜትር ከፍታ ብትለቁ መሬት ለመድረስ 0.45 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅባታል። በ24 ሲባዛ 11 ፍሬም ነው። ስለዚህ 1ኛው ፍሬም ላይ ከፍታዋ 1፣ 12ኛው ላይ 0 አድርጌ ሁለት ኪ አስቀመጥኩ። ፕሌይ አልኩ። ኳሷ ቀስ ብላ ተነሳች፣ መሀል ላይ ፈጠነች፣ ከዚያ መሬቱን የፈራች ይመስል ቀስ ብላ አረፈች። ጥጥ ላይ የተቀመጠች እንቁላል ነው የመሰለችው። ከርቩን ሳየው እንደተጋደመ የኤስ ፊደል ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ ነው። ሳልጠይቀው ያደረገው ነገር ቁጥር አንድ ይሄ ነው፦ ሁሉንም ነገር በለስላሳ ያስጀምራል፣ በለስላሳ ያስቆማል።

ከርቭ ማንበብ ለማያውቅ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ልበል። ወደ ቀኝ የሚሄደው ጊዜ ነው፣ ወደ ላይ የሚሄደው ቁጥሩ ነው፣ የመስመሩ ዳገትነት ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ገደል የመሰለ መስመር ፈጣን ነው፤ የተኛ መስመር ቆሟል። ይህ የትኛውም ፕሮግራም ውስጥ አይለወጥም። እኔም ሰባት ዓመት ከሠራሁበት ቤት ይዤው የወጣሁት ዕቃ ይሄው ብቻ ነው፤ ቁልፎቹማ እዚያው ቀሩ። አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ። አፍተር ኢፌክትስ ላይ የሠራችሁ ከሆነ ሁለት ዓይነት ግራፍ አለ፤ የቁጥሩ ግራፍና የፍጥነቱ ግራፍ። የፍጥነቱን የለመደ ሰው የቁጥሩን ግራፍ ሲያይ ሁሉም ነገር የተገለበጠ ይመስለዋል። እዚያ ከፍ ያለ መስመር ማለት ፈጣን ነው፤ እዚህ ከፍ ያለ መስመር ማለት ከፍታ ላይ ያለ ኳስ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የትኛውን እያያችሁ እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ።

ወደ ኳሷ። የወደቀ ነገር ግማሹ ጊዜ ሲያልፍ የወረደው ሩቡን መንገድ ብቻ ነው። የቀረውን ሦስት ሩብ በሁለተኛው ግማሽ ጊዜ ይወርደዋል። ይህን በሃንድል ለመሥራት ብዙ ጊዜ በግምት ስጎትት ኖሬአለሁ። ለካ ግምት አያስፈልግም። ላይኛው ኪ ላይ ያለውን የቀኝ ሃንድል አግድም አስተኙትና ርዝመቱን የጊዜው ሲሶ አድርጉት። ታችኛው ኪ ላይ ያለውን የግራ ሃንድል ደግሞ ጫፉን ከጊዜው ሲሶ ወደ ኋላ፣ ከከፍታው ሁለት ሦስተኛ ወደ ላይ አድርሱት። በእኔ ኳስ የላይኛው ሃንድል ጫፍ 4.67 ፍሬም ላይ ከፍታ 1 ነው፤ የታችኛው ጫፍ 8.33 ፍሬም ላይ ከፍታ 0.67 ነው። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው ከርቭ ትክክለኛው የስበት ከርቭ ነው፤ የሚመስል አይደለም፣ ራሱ ነው። ፕሌይ ስል ኳሷ መሬቱን በጥፊ መታችው።

ይህ ስሌት የሚሠራው መስመሩ ቤዚየ ከርቭ ስለሆነ ነው። ፈረንሳዊው ኢንጂነር ፒየር ቤዚየ በ1960ዎቹ ሬኖ ውስጥ የመኪና አካል ለመንደፍ ሲጠቀምበት ነው ስሙ የገነነው። ሲትሮኤን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፖል ደ ካስተልዦ ግን በ1959 አካባቢ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ ድርጅቱ ምስጢር አድርጎ ስለያዘው ስሙ ለሌላው ሆነ። ለመኪና ኮፈን የተሠራ ሒሳብ ዛሬ የእኔን ኳስ ያነጥራል። ለሥራው የሚጨምረው ነገር የለም፤ ግን ደስ ይለኛል።

መሬት ነክታ 60 ሴንቲ ሜትር እንድትነሳ ከፈለጋችሁ፣ ለመውጣት 8 ፍሬም ከምናምን፣ ለመውረድም እንደዚያው ነው። መሬት የነካችበት ኪ ላይ ሁለቱ ሃንድሎች መሰበር አለባቸው፤ የቪ ፊደል ይመስላሉ። አናት ላይ ያለው ኪ ግን እንዳለ ይተዋል። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው አየር ላይ የሚጋጭ፣ መሬት ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ ያገኛል። እኔ አግኝቻለሁ።

አሁን ስለ ሃንድል ርዝመት። ማያ ላይ እኔ የለመድኩት ክብደት የሌለው የሚባለውን ታንጀንት ነው። ማዕዘኑን ታዞራላችሁ እንጂ ርዝመቱን አትነኩትም። ርዝመት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከርቩን ወደ ባለ ክብደት መቀየር አለበት። ብሌንደር ላይ ሃንድል ሁልጊዜ ርዝመት አለው። ይዛችሁ ስትጎትቱት ይዞራልም፣ ይረዝማልም፣ በአንድ ጊዜ። የመጀመሪያ ሰሞን ሳላስተውል ሁሉንም አስረዝሜያቸዋለሁ። ውጤቱ ገጸ ባህሪዋ እያንዳንዱ አቋቋም ላይ ለረጅም ጊዜ ትጣበቅና ወደ ቀጣዩ ትወረወራለች። ጎማ ላይ የተሰፋች ትመስል ነበር። ሌላም ጉድ አለ። ሁለት ሃንድሎች በጣም ረዝመው ከተላለፉ ፕሮግራሙ ከርቩ በጊዜ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በውስጥ ያሳጥራቸዋል። ስክሪኑ ላይ ረጅም ሃንድል ታያላችሁ፤ ከርቩ ግን አይሰማችሁም። «እየጎተትኩ ለምን አይለወጥም?» ካላችሁ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የሚመጣ ሰው አለ። «ምን አደከመህ? ቲን ተጫንና ኳድራቲክ በል!» ይላል። ቲ የተዘጋጁ የከርቭ ዓይነቶችን የሚያወጣ ቁልፍ ነው፤ ኳድራቲክ ከእነሱ አንዱ ነው። ትክክል ነው፤ ውድቀቱን በአንድ ጠቅታ ይሠራዋል፣ ውጤቱም ከላይ በሃንድል ካወጣነው አንድ ነው። ለሎጎ፣ ለማሽን፣ ለሚከፈት በር እኔም እጠቀምበታለሁ። ለሰው ግን አልወደውም። ኳድራቲክ ያላችሁት መንገድ ላይ ሃንድል የለም፤ ትንሽ ልግፋው፣ ትንሽ ላዘግየው ማለት አይቻልም። ትወና ደግሞ ሙሉ በሙሉ «ትንሽ ልግፋው» ነው።

ቲን ስትጠቀሙ አንድ ነገር ያዙ። የምትመርጡት ዓይነት የሚሠራው ከዚያ ኪ በስተቀኝ ላለው መንገድ ነው። እኔ ውድቀቱን ልቀይር ብዬ መሬት የነካችበትን ኪ መረጥኩ። ውድቀቱ አልተነካም፤ ንጥረቱ ግን ተበላሸ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የገባኝ። መንገዱን የሚያዘው የተነሳበት ኪ ነው፤ የደረሰበት አይደለም።

ከፍታ የቱ ነው የሚለው ጥያቄም ጊዜ በልቶብኛል። ማያ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክተው ዋይ ነው። ብሌንደር ላይ ዜድ ነው። የመጀመሪያው ቀን አረንጓዴውን ከርቭ ይዤ ኳሷን ላነሳ ስል ወደ ኋላ ሸሸችብኝ። ሰማያዊው ነው ከፍታ ብዬ ለመድኩ። ከዚያ ሪግ ላይ፣ ማለትም ገጸ ባህሪን የሚያንቀሳቅሰው የአጥንት መዋቅር ላይ፣ ስደርስ ይሄም ፈረሰ። የገጸ ባህሪ አጥንት የራሱ አቅጣጫ አለው፤ ዋይ አጥንቱ የሚሄድበት መስመር ነው፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን። አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ኮንትሮሉን (ሪጉን የምናንቀሳቅስበትን መያዣ) በእጄ ትንሽ አነቃንቄ የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ አያለሁ፤ ከዚያ መልሼ እተወዋለሁ። ሦስት ሴኮንድ ነው። ከግምት ይሻላል።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ግን በኤስ ቁልፍ ነው። ብሌንደር ላይ ኤስ ማለት ማስፋት ወይም ማጥበብ ነው። አንድ የጭንቅላት ዙረት በዛብኝና ልቀንሰው ብዬ ኪዎቹን መርጬ ኤስ ተጫንኩ፣ ማውዙን ጠጋ አደረግኩ። ዙረቱ ቀነሰ፤ አሪፍ። ሌሎቹንም እንዲሁ አደረግኳቸው። ከሰዓት በኋላ ፕሌይ ስል ሁሉም ነገር ከድምፁ ጋር አይገጥምም። ለካ ኤስ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም አብሮ ያጠባል። ኪዎቼ ወደ መሀል ተሰብስበዋል። ይባስ ብሎ ፍሬም ላይ አይደሉም፤ አንዱ 14.37 ላይ ነው፣ ሌላው 22.81 ላይ። እንዲህ ያለ ኪ አደገኛ ነው። የሠራችሁት አቋቋም በሙሉ ፍሬም ላይ በጭራሽ አይታይም፤ የሚታየው ከእሱ ትንሽ በፊት ወይም በኋላ ያለው ነው። እግር ከሆነ ይንሸራተታል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ቁጥር ብቻ ለመቀነስ ኤስ ካሉ በኋላ ዋይ፤ ጊዜ ብቻ ከሆነ ኤስ ካሉ በኋላ ኤክስ። የተበታተኑትን ደግሞ ሺፍትና ኤስን አብሮ ተጭኖ ወደሚቀርባቸው ፍሬም መመለስ ይቻላል። አንድ ነገር ልጨምር። የምታጠቡት ወደ የት ነው? ወደ መረጣችኋቸው ኪዎች መሀል ነው፤ አመሉ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምፈልገው ከአንድ ፍሬም ጀምሮ እንዲጠብ ነው። ለዚያ ላይ ካለው ሜኑ ፒቮቱን፣ ማለትም ሌላው የሚሰበሰብበትን ነጥብ፣ ወደ ከርሰሩ መቀየር ያስፈልጋል። ከዚያ የጊዜ መስመሩን እንዳይነቃነቅ የምትፈልጉት ፍሬም ላይ አድርጉት፤ እሱ ሳይነቃነቅ ሌላው ይሰበሰባል።

ከርቭ ጠፋብኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ብያለሁ። ብዙውን ጊዜ አልጠፋም። ወይ የመረጣችሁት ኮንትሮል ብቻ እንዲታይ ተደርጓል፣ ወይ ዕይታችሁ ሩቅ ሄዷል። ሆም የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ሁሉም ተጠራርቶ ይመጣል። ይህን አልፈን ወደ ኖርማላይዝ እንሂድ፤ እሱ ነው ያሳሳተኝ። የእጅ ዙረት 90 ዲግሪ ነው፣ የወገብ እንቅስቃሴ 0.02 ሜትር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት ብትሞክሩ የወገቡ ጠፍጣፋ መስመር ሆኖ ይቀራል። ኖርማላይዝ ስትሉት ሁሉም በእኩል ቁመት ይታያል። በጣም ምቹ ነው። ማያም ይሄ አለው፤ ግን ነክቼው አላውቅም ነበር። አብርቼው ረሳሁት። በማግሥቱ የአንገት ከርቭ ላይ ትልቅ ተራራ አየሁና ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስተካከልኩት። ተራራው የ2 ዲግሪ ነበር። ማንም ዓይን የማያየውን ነገር ሳለሰልስ ቆየሁ። አሁን የግራውን ቁጥር ሳላይ ከርቭ አልነካም።

ኳተርኒየን። ስሙ ራሱ ያስፈራል። የልጅቷን ክንድ መርጬ ግራፉን ስከፍት ሦስት የዙረት መስመር ጠብቄ አራት አገኘሁ። ቁጥሮቹም ከ1 እስከ ከዜሮ በታች 1 ብቻ ናቸው። ዲግሪ የለም። ሪጉ ተበላሽቷል ብዬ የቡድናችንን መሪ ጠራኋት። መጣች፣ አየች፣ ሳቀች።

«አልተበላሸም ወንድሜ። አጥንት እዚህ ሲፈጠር በኳተርኒየን ነው የሚዞረው።»

«ታዲያ ከርቩን እንዴት ነው የማነበው?»

«አታነበውም!»

እውነቷን ነው። አራቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ናቸው አንድ አቅጣጫ የሚሆኑት፤ አንዱን ለብቻ መጎተት ክንዱን ወደማይታወቅ ቦታ ይልከዋል። ጥቅሙ ዙረቶች እርስ በርስ አይቆላለፉም። ጉዳቱ ከርቩ ላይ መሥራት ለምንወድ ሰዎች በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ወደ ኦይለር ቀየርኩት፤ ሦስት መስመር፣ በዲግሪ፣ እንደለመድኩት። የቀየርኩት ግን ሾቱን ግማሽ ከሠራሁ በኋላ ነበር። ክንዱ የሠራሁትን ሁሉ ረሳ። ኪዎቹ አልጠፉም፤ በኳተርኒየኑ ቻናል ላይ ተቀምጠዋል፣ ግን የሚሰማቸው የለም። እንደ አዲስ ኪ አደረግኩ። ከልቤ የምላችሁ፦ የዙረቱን ዓይነት የመጀመሪያውን ኪ ከማስቀመጣችሁ በፊት ወስኑ። የሚሽከረከር ነገር ካላችሁ፣ ለምሳሌ ጎማ፣ ያለ ጥያቄ ኦይለር ይሁን። ኳተርኒየን አንድ ሙሉ ዙርንና ምንም አለመዞርን አይለይም፤ ሦስት ዙር ብትሉት ቆሞ ያያችኋል። ኦይለር ላይ ደግሞ ከርቩ በድንገት 360 ዲግሪ ቢዘል አትደንግጡ፤ ግራፍ ኤዲተሩ ሜኑ ውስጥ ያለው የኦይለር ፊልተር ያስተካክለዋል።

እርምጃ የሚደጋገም ከርቭ ስሠራ አልተቸገርኩም። ማያ ላይ ኢንፊኒቲ የምንለው እዚህ ሺፍትና ኢ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የ24 ፍሬም ዙር ከሆነ የመጀመሪያው አቋቋም 1 ላይ፣ ራሱ ተመልሶ 25 ላይ ይቀመጥ፤ የምታጫውቱት ግን ከ1 እስከ 24 ነው። 24 ላይ ያስቀመጠው ሰው በየዙሩ አንድ ፍሬም ያነክሳል።

ስለ ቁልፎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ብሌንደር ለእንደኛ ዓይነቱ ተሻጋሪ የተዘጋጀ የቁልፍ አደራደር አለው፤ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋር የሚቀራረብ። አብርቼው ስምንት ቀን ሠራሁ። እፎይ አልኩ፤ ከዚያ ግን የትምህርት ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር የሚሉት ቁልፍ የእኔ ላይ ሌላ ነገር ያደርጋል። የቡድናችን መሪ መጥታ ኪቦርዴን ስትነካም ሁለታችንም ግራ ይገባናል። አጠፋሁትና ዋናውን ለመድኩ። ሁለት ሳምንት አንገበገበኝ። ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ግን ያ አደራደር ምንም አይልም፤ የእኔ ፍርድ ለቡድን ነው።

ከብሌንደር ጋር የታረቅኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ኳሷ ላይ ጭራ ሠርቼ ነበር፣ አራት አጥንት ያላት። ጭራ ስትወዛወዝ እያንዳንዱ አጥንት ከፊተኛው ትንሽ መዘግየት አለበት፤ አለበለዚያ ዱላ ነው። ማያ ላይ ኪዎቹን በማውዝ ይዤ ነበር የምገፋው። እዚህ ሁለተኛውን አጥንት መርጬ ጂ፣ ኤክስ፣ 2፣ ኢንተር አልኩ። በትክክል ሁለት ፍሬም ወደ ቀኝ ሄደ። ሦስተኛው ጂ፣ ኤክስ፣ 4። አራተኛው ጂ፣ ኤክስ፣ 6። ማውዝ አልነካሁም። አሥር ሴኮንድ አልሞላም። ጭራዋ እንደ እውነተኛ ጭራ ተከተለች። «ይሄንንማ ማያ ላይ ይናፍቀኛል» አልኩ ለራሴ። ሳምንት ሙሉ ስናፍቅ የነበረው የተገላቢጦሹን ነበር።

የናፈቀኝ የለም ማለቴ አይደለም። ማያ ላይ የቀድሞውን ከርቭ ጥላ አስቀምጬ ከአዲሱ ጋር የማወዳድርበት ነገር ነበር። ብሌንደርም ጎስት ከርቭ የሚል አለው፤ ግን ለማየት ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ሐሳቤን ስቀይር መልሼ መለዋወጥ እወድ ነበር። አሁን ከመንካቴ በፊት ፋይሉን በሌላ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ያረጀ ዘዴ ነው፣ ይሠራል።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ ኩባያው ተመለስኩ። 41ኛውን ኪ መረጥኩ። ቪ፣ ፍሪ። የግራውን ሃንድል አቆምኩት፤ ከርቩ ከላይ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ እንዲል። የቀኙን አስተኛሁት። 48ኛውን አልነካሁትም። ከ41 እስከ 48 መስመሩ እንደ ጠረጴዛው ራሱ ጠፍጣፋ ሆነ። ፕሌይ አልኩ። ኩባያው ቧ ብሎ ተቀመጠ፤ ድምፅ እንኳ ሳይኖረው የሰማሁት መሰለኝ።

መሪያችን ከኋላዬ ቆማ ሁለት ጊዜ አየችው።

«ኩባያው ጥሩ ነው» አለች። «ትከሻዋ ግን ከኩባያው ጋር እኩል ይቆማል። የሰው ትከሻ እንዲህ አያደርግም።»

ትከሻውን መረጥኩ። ጂ፣ ኤክስ፣ 2።

«አሁን ላከው» አለችና ሄደች።